ከማን አጠገብ ተቀምጣ ነበር?

መምህር ሆኜ በተመደብኩበት በመጀመሪያው ዓመት ርዕሰ መምህሩ ቢሮአቸው አስጠርተው ከእግር እስከ ራሴ ከተመለከቱኝ በኋላ «አንተ ቁመትህ ጥሩ ነው፤ የሴቶቹን ቮሊቦል ቡድን ያዝልን» አሉኝ። የተመደብኩት አማርኛ ላስተምር ነበር። ስለ ቮሊቦል የማውቀው በተማሪነቴ ክብ ሠርተን ኳስ ስንቀባበል ከለመድኩት የዘለለ አልነበረም፤ ነገር ግን አዲስ መምህር ርዕሰ መምህሩን እንቢ አይልምና እሺ ብዬ ወጣሁ። ወሎ ውስጥ በምትገኘው በዚያች ትንሽ ከተማ ሜዳችን ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ የተተከለበት ደልዳላ መሬት ነበር፤ መረባችንም ከመሐል ተቀዶ በሲባጎ የተጠገነ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ልጆቹን ምን እንደማሠራቸው ግራ ቢገባኝ፣ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው፣ ለመቺዎቹ ኳስ የምታመቻቸው ኳስ አንሺያችን ጠጋ ብላ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀባበል፣ ከዚያ ሰርቪስ፣ ከዚያ ማንሳትና መምታት ነው» ስትል የልምምዱን ቅደም ተከተል ነገረችኝ። እኔም እሷ ያለችውን ፊሽካ ጨምሬበት አዘዝኩ። ሦስት ዓመት አሠልጣኝ ተብዬ የኖርኩት እንዲህ ነው።

ይህን ታሪክ ያስታወሰኝ አሜሪካ መጥቼ የሌሊት ፈረቃ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ የያዘኝ ልማድ ነው። በእረፍት ሰዓቴ የኮሌጅ የሴቶች ቮሊቦል እመለከታለሁ፤ ከጨዋታው እኩል ደግሞ የአሠልጣኞቹን የሕይወት ታሪክ አነባለሁ። የእግር ኳስ ወዳጆቼ ይስቁብኛል። በዚህ አገር አንድ ትልቅ የኮሌጅ ቡድን አንድ ሰው ብቻውን አይመራውም፤ ዋና አሠልጣኝ አለ፣ ረዳቶች አሉ፣ የጉዞና የቢሮ ሥራውን የሚያስተባብር ሰው አለ፣ እያንዳንዱን ንክኪ በኮምፒዩተር የሚመዘግብ ባለሙያ አለ፣ ጉልበት የሚያሠራ ሌላ አሠልጣኝና ወጌሻም አሉ። የእያንዳንዳቸው ታሪክ ሲጻፍ መጀመሪያ የሚመጣው ዋንጫው ነው፤ ቀጥሎ ሽልማቱ፤ በመጨረሻ፣ ብዙ አንባቢ በማይደርስበት ቦታ፣ በሃያዎቹ ዕድሜው የማን ረዳት እንደነበረ የምትናገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ትመጣለች። እኔ ከዚያች ዐረፍተ ነገር እጀምራለሁ። ሰውዬው ወይም ሴትዮዋ ገና ምንም ሳይሆኑ ከማን አጠገብ እንደተቀመጡ ካላወቅኩ ዋንጫው ብዙም አይነግረኝም።

በዚህ መንገድ ስቆፍር ደጋግሜ የምደርሰው ሊንከን ወደምትባለው የነብራስካ ከተማ ነው። ነብራስካ የሕዝቧ ብዛት ሁለት ሚሊዮን ገደማ የሆነ፣ በቆሎና ከብት የሞላባት የመካከለኛው ምዕራብ ግዛት ናት። በትልልቆቹ የአሜሪካ ሊጎች የሚጫወት ቡድን ስለሌላት ሕዝቡ ፍቅሩን በሙሉ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቶታል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 30 ቀን 2023 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሴቶቹ ቡድን በእግር ኳሱ ስታዲየም ውስጥ ባደረገው የቮሊቦል ጨዋታ 92,003 ሰው ተገኝቷል። ያን ቁጥር ባየሁ ጊዜ የእኛን ተመልካቾች አስታወስኩ፤ አጥሩን ተደግፈው የሚቆሙ እረኞች፣ ሁለት የጥበቃ ሠራተኞች፣ አንዳንዴም የሒሳብ መምህሩ።

የዚህ ሁሉ መነሻ ቴሪ ፔቲት የሚባል ሰው ነው። ፔቲት ወደ ነብራስካ የመጣው በ1977 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሰሜን ካሮላይና በምትገኝ ሉዊስበርግ የምትባል አነስተኛ ኮሌጅ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። የማስተርስ ዲግሪውን ያገኘው ከአርካንሶ ዩኒቨርሲቲ በግጥም ጽሕፈት ነው። ይህን ሳነብ ብቻዬን በእረፍት ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ የቋንቋ መምህር ሆኖ የሴቶች ቮሊቦል የተሰጠው ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ ልዩነታችን ሰማይና ምድር ነው። እሱ 23 ዓመት ቆይቶ በ1995 ዋንጫ አንሥቷል፤ እስከዚያ ዓመት ድረስም የሴቶች ዋንጫ ከካሊፎርኒያ፣ ከሃዋይና ከቴክሳስ ውጭ ወጥቶ አያውቅም ነበር። እኔ በሦስት ዓመት ውስጥ ከወረዳው ውድድር አልፌ አላውቅም። ሆኖም አመጣጡን ሳስብ ዕድሉን በዘመኑ ሁኔታ መረዳት ይቻላል። በ1972 ታይትል ናይን የተባለው ሕግ የፌዴራል ገንዘብ በሚያገኙ ትምህርት ቤቶች በጾታ ምክንያት መለየትን ሲከለክል፣ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቡድን ለማቋቋም ተጣደፉ፤ ቡድኑ ተቋቁሞም ማን ያሠልጥነው በተባለ ጊዜ ባለሙያ ገና አልነበረምና፣ ያገኙትን ፈቃደኛ ሰው ያዙ። ባለቅኔም ቢሆን።

ፔቲት ሥራውን በጀመረበት ሰሞን ሊንከን ውስጥ ማስተርሱን የሚማር አንድ ወጣት አጠገቡ ይቀመጥ ነበር። ስሙ ረስ ሮዝ ነው። የመመረቂያ ጽሑፉን የሠራው በቮሊቦል አኃዛዊ መረጃ ላይ ነበር፤ አንዱ የቃል ሰው፣ ሌላው የቁጥር ሰው፣ በአንድ ወንበር ላይ። ሮዝ በ1979 ፔን ስቴት ወደሚባለው የፔንሲልቬኒያ ግዛት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ እስከ 2021 ድረስ ለአርባ ሦስት የውድድር ዘመናት አሠለጠነ፤ ሰባት ጊዜ ዋንጫ አነሣ፤ ከ2007 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ቡድኑ 109 ጨዋታዎችን በተከታታይ አሸነፈ። ኮምፒዩተሩ ከመጣ በኋላ እንኳ በጨዋታ ጊዜ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ቁጥሩን ራሱ ይመዘግብ እንደነበር ብዙዎች ያስታውሱታል። ያ ልማድ ከተማሪነት ዘመኑ እንደቀረ እገምታለሁ፤ ሰው በሃያ አራት ዓመቱ የተማረውን ነገር በስድሳው አይጥልም።

ፔቲት ዘንድ የተቀመጠው ሌላው ሰው ጆን ኩክ ነው። የካሊፎርኒያ ልጅ ነው፤ የጀመረውም ሳን ዲዬጎ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን በማሠልጠን ነበር። በ1989 የፔቲት ረዳት ሆነ፤ በ1992 የባርሴሎና ኦሊምፒክ ነሐስ ባገኘው የአሜሪካ ወንዶች ቡድን ውስጥ በረዳትነት አገለገለ፤ ከዚያም ዊስኮንሰን ዩኒቨርሲቲ ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። በ1999 ግን አንድ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ዋና አሠልጣኝነቱን ትቶ እንደገና የፔቲት ረዳት ለመሆን ወደ ሊንከን ተመለሰ። ፔቲት በዚያው ዓመት መጨረሻ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ተረከበ፤ በ2000 ቡድኑ 34 ጊዜ ተጫውቶ 34 ጊዜ አሸነፈ፤ በፍጻሜው የገጠመውም ዊስኮንሰንን፣ ማለትም ከሁለት ዓመት በፊት እሱ ራሱ ሲያሠለጥናቸው የነበሩትን ልጆች ነበር። አምስት ዙር ሄዶ ነብራስካ አሸነፈ። በዚያ ምሽት ከመረቡ ወዲያ ማዶ የቆሙትን ልጆች ሲጨብጥ ምን እንደተሰማው ሁልጊዜ አስባለሁ። እኔ ተዛውሬ ከሄድኩ በኋላ የቀድሞ ተማሪዎቼን በሌላ ትምህርት ቤት መለያ አንድ ጊዜ ገጥሜ አይቻለሁና፣ እጅ እጅ ስንነካካ አንዲቱን እንኳ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም ነበር።

እስካሁን የጠራኋቸው ሦስቱም ወንዶች መሆናቸውን አስተዋይ አንባቢ ሳይታዘብ አልቀረም። እኔ ራሴ ይህን ለማስተዋል ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ምናልባት ወንድ ስለሆንኩ፣ ምናልባትም በዚያው በር የገባሁ ስለሆንኩ። ኤንሲኤኤ የሚባለው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር የሴቶች ቮሊቦል ዋንጫ ማዘጋጀት የጀመረው በ1981 ነው። ከዚያ ዓመት እስከ 2023 ድረስ በከፍተኛው ምድብ አርባ ሦስት ዋንጫዎች ተሰጥተዋል፤ አርባ ሦስቱንም ያነሡት ቡድኖች ዋና አሠልጣኞቻቸው ወንዶች ነበሩ። መጫወቷን ሴቶች ይጫወታሉ፤ ረዳት ሆነውም ይቀመጣሉ፤ የመጨረሻው ፎቶግራፍ ሲነሣ ግን ክራባት ያሰረው ሌላ ሰው ነበር።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ሲታይ ሕጉ ራሱ፣ ሳይፈልግ፣ አንድ እጅ እንዳለበት ይገባል። ታይትል ናይን ከመውጣቱ በፊት የሴት ቡድኖችን የሚያሠለጥኑት ከመቶ ዘጠና በላይ ሴቶች ነበሩ፤ አብዛኞቹ የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ሲሆኑ ቡድኑን የሚይዙት ከመደበኛ ሥራቸው ጋር በደረቡት ትርፍ ሰዓት ነበር። ሕጉ ገንዘብ፣ የነጻ ትምህርት ዕድልና ደመወዝ ይዞ ሲመጣ ሥራው የሚፈለግ ሥራ ሆነ፤ የሚፈለግ ሥራ በሆነ ጊዜ ወንዶች አመለከቱ፤ ቀጣሪዎቹም ወንዶች ስለነበሩ የሚያውቁትን ሰው ቀጠሩ። የሴት አሠልጣኞች ድርሻም እየወረደ ከግማሽ በታች ሆነ። ለልጃገረዶች የተከፈተው በር ለእናቶቻቸው ጠበበ ማለት ነው።

አንዳንዶቹ ወንዶች ደግሞ ጨዋታውን ኮሌጅ ውስጥ ተጫውተው እንኳ የማያውቁ ናቸው። በ2021 ዊስኮንሰንን ለዋንጫ ያበቃው ኬሊ ሼፊልድ የኮሌጅ ቮሊቦል ተጫውቶ አያውቅም፤ የጀመረው ተማሪ ሳለ ማንሲ በምትባል የኢንዲያና ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ሴቶችን በማሠልጠን ነው። በዚያችው ከተማ ዶን ሾንዴል የተባሉ ሰው ቦል ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የወንዶች ቮሊቦልን ለአሥርት ዓመታት ስለመሠረቱና ስላቆዩ፣ በቆሎ መሐል ያለች ያች ከተማ የአሠልጣኞች መፍለቂያ ሆነች፤ በኮሮና ምክንያት ወደ 2021 ጸደይ የተዛወረውን የ2020ን ዋንጫ ለኬንታኪ ያስገኘው ክሬግ ስኪነርም የተጫወተው ለቦል ስቴት ነው። እሱም በተራው ነብራስካ ውስጥ የኩክ ረዳት ነበር። ሼፊልድን ለማንኳሰስ አይደለም ይህን የምለው፤ ቡድኑ ሲጫወት ሲታይ ሥራውን ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ይታወቃል፤ ኮሌጅ ያልተጫወተ ሰው ጥሩ አሠልጣኝ ሊሆን መቻሉም ደስ ያሰኘኛል። የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ ተጫውቶ ለማያውቅ ወንድ «ይሞክር» የተባለውን ያህል ተጫውታ ለጨረሰች ሴት ተብሏል ወይ የሚለው ነው።

ተብሎላት የተጠቀመችበት አንዲት ሴት አለች። ሜሪ ዋይዝ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተጫውታ እንደጨረሰች በ21 ዓመቷ የአዮዋ ስቴት ዋና አሠልጣኝ ሆነች፤ ከተጫዋቾቿ በዕድሜ አትበልጥም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወርዳ ኬንታኪ ረዳት ሆነች፤ በ1991 ፍሎሪዳን ተረክባ እስከ 2024 ውድድር ዘመን ድረስ አሠለጠነች፤ በሙያ ዘመኗ በጠቅላላው ከአንድ ሺህ በላይ ጨዋታ አሸነፈች። በ2003 በኤንሲኤኤ ፍጻሜ ቡድን የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ቀረበች፤ ተሸነፈች። በ2017 እንደገና ቀረበች፤ አሁንም ተሸነፈች፤ ያሸነፋትም የኩክ ነብራስካ ነበር። ዋንጫ የሌለው ታሪክ በአጭሩ ይነበባልና ስለ እሷ ብዙ ሲወራ አይሰማም። እኔ ግን ሁለት ጊዜ እዚያ ደርሳ በባዶ እጇ የተመለሰችው ሴት በሩን ገፍታ ከፍታ ለሌሎቹ እንደያዘችላቸው ነው የማየው።

አሁን በ2024 ፍጻሜ ላይ ወደተገናኙት ሁለት ሴቶች ልምጣ።

ዳኒ ቡስቡም ኬሊ ከሊንከን በስተደቡብ በምትገኝ ኮርትላንድ የምትባል ጥቂት መቶ ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት መንደር አካባቢ፣ እርሻ ላይ ያደገች ልጅ ናት። ለነብራስካ ከ2003 እስከ 2006 ተጫወተች። ስትገባ ሰተር ነበረች፤ ሰተር ማለት እኛ ኳስ አንሺ የምንላት፣ ሁለተኛውን ንክኪ ወስዳ ለመቺዎቹ የምታመቻቸው ናት። ስትወጣ ግን ሊቤሮ ሆና ነበር፤ ይኸውም የተለየ መለያ የምትለብሰው፣ ከኋላ ሆና የሚመጣውን ሁሉ ከመሬት የምታነሣው፣ ከመረቡ በላይ ኳስ መምታት የማይፈቀድላት ተጫዋች ናት። በ2006 ኦማሃ ላይ ስታንፎርድን አሸንፈው ዋንጫ ሲወስዱ ቦታዋ ይኸው ነበር። በአሠልጣኝ ዓይን ሳየው ከዋንጫው ይልቅ ይህ የቦታ ለውጥ ይበልጥ ይነግረኛል። የቡድኑ መሪ ልትሆን መጥታ «እዚያ ሳይሆን እዚህ ትጠቅሚናለሽ» ስትባል የተቀበለች ልጅ፣ ነገ ሌላዋን ልጅ ከምትወደው ቦታ ስታነሣት ምን እንደምትላት ታውቃለች። ኩክ ያን ውሳኔ ሲወስንባት ለአሠልጣኝነት እያዘጋጃት እንደነበር ያውቅ ይሆን?

ተጫዋችነቱ ካበቃ በኋላ ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ረዳት ሆነች፣ ቀጥላ ሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ፣ ቀጥላ በ2012 ወደ ኩክ ተመለሰች፤ በ2015ቱ ዋንጫ ጊዜ በረዳትነት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። በ2017 ሉዊቪል ዋና አሠልጣኝ አድርጎ ጠራት። ከዚያ በፊት በዚህ ከፍታ የማይታወቀውን ቡድን በ2022 ለፍጻሜ አበቃችው፤ በቴክሳስ ተሸነፈች።

ኬቲ ሹማከር ኮሊ የቺካጎ ልጅ ናት። ለረስ ሮዝ ተጫውታ በ1999 የፔን ስቴትን የመጀመሪያ ዋንጫ አነሣች። ቺካጎ በሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ዋና አሠልጣኝ ሆና ሠራች፤ ከዚያ ፊላደልፊያ ሄዳ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲን ያዘች፤ በ2018 ግን ያን ሥልጣን ትታ የቀድሞ አሠልጣኟ ረዳት ልትሆን ወደ ፔን ስቴት ተመለሰች። ኩክ በ1999 ያደረገውን አንባቢ ያስታውሳል። ዋና የነበረ ሰው ረዳት ለመሆን ሲወርድ በእኛ አገር «ምን ቢያጠፋ ነው?» ይባላል፤ እዚህ ግን ወንበሩን ለመውረስ አንዱ መንገድ ሆኖ አገኘሁት። በ2022 ወረሰችው።

በ2024 መኸር የውድድሩ ዘመን ሲጀመር የጡት ካንሰር እንዳለባት ተነገራት። ሕክምናውን እየወሰደች ቡድኗን መምራቷን ቀጠለች። በታኅሣሥ ሉዊቪል ከተማ ላይ በተደረገው የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ የገጠመችው የኩክን ነብራስካን ነበር። ሁለቱን ዙር ተሸነፈች፤ ሦስተኛውን ወሰደች፤ በአራተኛው 22 ለ 16 እየተመራች ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ልገባ ጃኬቴን ለብሼ ቆሜ ነበርና፣ አበቃ ብዬ ስልኬን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መቆያ ክፍሉ ውስጥ ስከፍተው ፔን ስቴት አምስተኛውንም አሸንፎ ነበር። በዚያ ምሽት ስለ ቮሊቦል አወቅሁ ብዬ የማስበውን ሁሉ ለራሴ ሰርዣለሁ።

ከዚያ በፊት በነበረው ጨዋታ ሉዊቪል ፒትስበርግን አሸንፎ ስለነበር፣ እሑድ ታኅሣሥ 22 ለፍጻሜ የቀረቡት ሁለት ሴት አሠልጣኞች ሆኑ። ገና ሰርቪስ ሳይመታ በአርባ አራተኛው ዋንጫ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴት ስም እንደሚጻፍበት ታውቆ ነበር። ፔን ስቴት ሦስት ለአንድ አሸነፈ። ተንታኞቹ ስለ ሁለቱ ሴቶች ብዙ አወሩ፤ እኔ ግን በሐሳቤ የነበርኩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ሊንከን ውስጥ ነበር። አንዷ የሮዝ ተጫዋችና ረዳት፣ ሌላዋ የኩክ ተጫዋችና ረዳት፤ ሮዝና ኩክ ደግሞ ሁለቱም፣ በተለያየ ዘመን፣ ከዚያ የግጥም መምህር አጠገብ የተቀመጡ። የሁለት ቡድኖች ፍጻሜ መስሎ የተሰየመው፣ በአሠልጣኞቹ ዘር ሲቆጠር፣ የአንድ ቤት የልጅ ልጆች ጨዋታ ነበር።

ይህን ሳወራ የአንድ ሰፈር ሰዎች ብቻ እርስ በርስ የሚጠራሩበት ዓለም አስመስዬው እንዳይሆን እፈራለሁ። ከሩቅ የመጡም አሉ። ቻይናዊቷ ላንግ ፒንግ በ1984 በተጫዋችነት የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታ በአገሯ እንደ ጀግና ስትታይ፣ ሁሉን ትታ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ተማረች፤ እዚያም የሴቶቹን ቡድን በረዳትነት አሠለጠነች። በ2008 ቤይጂንግ ላይ የአሜሪካን ሴቶች ለብር ሜዳሊያ ያበቃች፣ በ2016 ደግሞ የቻይናን ሴቶች ለወርቅ ያበቃች እሷ ናት። በዓለም አንደኛ የነበረች ሴት በባዕድ ቋንቋ፣ በአንድ በረሃማ ግዛት ኮሌጅ፣ ኳስ ስታቀብል ትታየኛለች። ስደተኛ የሆነ ሰው ይህን የሕይወት ታሪክ ሲያነብ የሚያቆምበትን መስመር ያውቀዋል።

ስለ ረዳቶች ሲነሣ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። እስከ 2023 ክረምት ድረስ በኤንሲኤኤ ደንብ «በጎ ፈቃደኛ አሠልጣኝ» የሚባል ቦታ ነበር፤ ሥራው ሙሉ፣ ደመወዙ ባዶ። ያ ቦታ የተሰረዘው ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት በታሪካቸው ውስጥ ይህን መስመር የያዙ አሠልጣኞችን ስቆጥር፣ ያላየኋቸውን ደግሞ አስባለሁ፤ ያለ ደመወዝ አንድ ዓመት መኖር ስለማይችሉ ከማንም አጠገብ ሳይቀመጡ የቀሩትን። እነሱ የሕይወት ታሪክ የላቸውም፤ ማለቴ፣ የሚነበብ የላቸውም።

የእኔዋ ኳስ አንሺ ከነዚህ አንዷ ናት። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ውጤቷ ባይሞላላትም ጨዋታውን አልተወችም፤ ከተማዋ የሴቶች ቡድን ልታቋቁም ነው ሲባል ረዳት አሠልጣኝ ለመሆን አመለከተች። ማመልከቻዋን የጻፍኩላት እኔ ነበርኩ፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ የማፍርበት ጽሑፍ አይደለም። ቦታው ቮሊቦል ይዞ ለማያውቅ አንድ የእግር ኳስ ሰው ተሰጠ። ምክንያቱን ለመጠየቅ አብሬያት ብሄድ፣ የሚመለከተው ሰው «ሴት ልጅ ከቡድን ጋር አድራ ስትመጣ ጥሩ አይደለም» አለኝ። ቡድኑ እኮ የሴቶች ቡድን ነው ስለው፣ «ተጫዋቾቹ ሌላ፣ አሠልጣኝ ሌላ» ብሎ መለሰልኝ። ይህን መልስ እስከ ዛሬ ድረስ መተርጎም አቅቶኛል። እኔን፣ ፊሽካ ብቻ የማውቀውን፣ ማንም ምን ታውቃለህ ብሎ አልጠየቀኝም ነበር። እሷ ቀበሌ ውስጥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆነች፤ አግብታ ወለደች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጤና ኬላው ጀርባ ለልጃገረዶች ገመድ እየወጠረች ታጫውታለች።

ኩክ ከዚያ የግማሽ ፍጻሜ ሽንፈት በኋላ ሌላ ጨዋታ አልመራም፤ በጥር 2025 በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ አራት ዋንጫ ይዞ ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ። ተተኪዋ ወዲያው ታወቀች፤ ቡስቡም ኬሊ ሉዊቪልን ትታ ወደ ሊንከን ተመለሰች። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ይህ ነው። በ2025 አጠገቧ ከቆዩት ረዳቶች አንዷ በ2015 እና በ2017 ሰተር ሆና ሁለት ዋንጫ ያነሣችው ኬሊ ሃንተር ነበረች። የሊንከን ወንበር ከባለቅኔው ወደ ካሊፎርኒያው ሰው፣ ከእሱ ወደ ገበሬ ልጅ ተሸጋገረ፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ከገበሬዋ ልጅ አጠገብ ሌላ ኳስ አንሺ ተቀምጣ ታይ ነበር።

የ2024ቱን የፍጻሜ ጨዋታ ማጠቃለያ ለእኔዋ ኳስ አንሺ በቴሌግራም ላክሁላት፤ ስለ ካንሰሩም፣ ስለ አርባ ሦስቱ ዋንጫም በድምፅ አብራራሁላት። ለሁለት ቀን አልመለሰችም፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ከፈረቃ ስወጣ መልእክቷን አገኘሁት። ከጀርባዋ ልጆች ይጮኻሉ፣ ኳስ ሲነጥርም ይሰማል። «ቲቸር፣ አየሁት፤ ሁለት ጊዜ አየሁት። ዋናዋንስ ነገርከኝ። ያቺ ከጎኗ ወረቀት ይዛ የምትጽፈዋ ልጅ ግን ማን ናት? እሷስ የት ተጫውታ ነው?»

መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቆሜ የረዳቶቹን ዝርዝር መፈለግ ጀመርኩ።